ምርመራው የአንዲት ሴት፣ ምክሩ የቤተሰብ፦ የማሕጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በምዕራብ ደቡብ ወሎ

መካነ ሰላም፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ከባድ ጉዳይ በአንድ ሰው ሐሳብ ብቻ አይቋጭም። በሬ ሲሸጥ፣ ልጅ ሲዳር፣ መሬት ለእኩል ሲሰጥ፣ የታመመ ሰው ወደ ደሴ ሲወሰድ ባልና ሚስት ይመክራሉ፤ ወላጆች ይጠየቃሉ፤ ጎረቤት ሐሳብ ይሰጣል፤ እንደየእምነቱም ሼሁ ወይም የንስሐ አባቱ ይሰማሉ። ከቦረና እስከ ወግዲ፣ ከከላላ እስከ መሐል ሳይንት ይህ ልማድ ለዘመናት የኖረ ነው። ብዙ የተቸኮለ ውሳኔ አስቀርቷል፤ የፈረሰ ትዳርም አቃንቷል።

ይህ የመመካከር ባሕል የማይደርስበት አንድ ጉዳይ ግን አለ። እርሱም የማሕጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው። ሚስት ለባሏ ለመናገር ታፍራለች፤ ባል የሴቶች ጉዳይ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ አማት በእኛ ዘመን ያልነበረ ነገር ነው ትላለች፤ ጎረቤትም ሰው ሳይታመም ጤና ጣቢያ ምን ይሠራል ይላል። ማንም ተሰብስቦ ሳይመክር ጉዳዩ በዝምታ ይወሰናል፤ የዝምታው ውሳኔም አለመመርመር ነው።

በዚህ የተነሳ ጥያቄው ውሳኔው የሴቷ ነው ወይስ የቤተሰቡ ከሚለው ያልፋል። በገጠሩ ኑሮ ቤተሰቡ ከውሳኔው ውጭ ሆኖ አያውቅም። የሚያስፈልገው ትክክለኛው መረጃ ምክሩ ወደሚመከርበት ቦታ በጊዜ መድረሱ፣ የመጨረሻው ቃልም የሴቷ መሆኑ ነው።

ጊዜ የሚሰጥ በሽታ

የማሕጸን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚከሰት የካንሰር ዓይነት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት መሠረት በሀገሪቱ በአንድ ዓመት 7 ሺህ 445 ሴቶች በበሽታው ይያዛሉ፤ 5 ሺህ 338 ሴቶች ደግሞ ሕይወታቸውን ያጣሉ። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 350 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከእነዚህ ሞቶች 94 በመቶ ያህሉ የተመዘገቡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ነው።

በሽታው በአንድ ሌሊት የሚመጣ አይደለም። መነሻው ኤች ፒ ቪ የተባለ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ በመሆኑ አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። በጥቂት ሴቶች ላይ ግን ለዓመታት ይቆይና የማሕጸን በርን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይለውጣል። የሰውነት የመከላከል ዐቅማቸው ጤናማ በሆነ ሴቶች ለውጡ ወደ ካንሰር ለመድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ኖሮ ሕክምና ባላገኙ ሴቶች ደግሞ ጊዜው ወደ 5 እና 10 ዓመት ያጥራል።

ይህ ረጅም ጊዜ ለሴቷም ለሐኪሙም ትልቅ ዕድል ነው። የስንዴ አርሶ አደር ዋግ ማሳውን እስኪያለብሰው ድረስ አይጠብቅም። ሰብሉ ለምለም ሳለ በማሳው መካከል እየተዘዋወረ ቅጠል ይገልጣል፤ ምልክቱን ቀድሞ ካየ ሰብሉን ያተርፋል፤ ዘግይቶ ካየ ገለባ ያጭዳል። ቅድመ ምርመራም እንዲሁ ጤናማ በሚመስል አካል ላይ የሚደረግ አሰሳ ነው። "ሳይታመሙ መመርመር" የሚለው ሐሳብ ለአርሶ አደሩ እንግዳ ይመስላል እንጂ በማሳው ላይ ዘወትር የሚያደርገው ነው።

በኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ባለሙያዋ የማሕጸን በሩን አሴቲክ አሲድ በተባለ፣ ኮምጣጤን በሚመስል ፈሳሽ ትቀባዋለች። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ በዓይኗ ታያለች። የተለወጠ አካል ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ለውጡ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ሊወገድ የሚችል ከሆነ ሕክምናው በዚያው ቀን ሊሰጥ ይችላል። ሀገራዊው መመሪያ በዋናነት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶችን ይመለከታል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ደግሞ ቀደም ብለው እና ቶሎ ቶሎ እንዲመረመሩ ይመከራል።

ዘዴው ቀላል ቢሆንም ተጠቃሚው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የተጋላጭነት ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል አንድ ጊዜም ቢሆን የተመረመሩት 2 ነጥብ 9 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ይፋ ያደረገው ስትራቴጂ ደግሞ እስከ 2030 ድረስ 70 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች በ35 ዓመታቸው አካባቢ፣ ዳግመኛም በ45 ዓመታቸው አካባቢ እንዲመረመሩ ግብ አስቀምጧል። ከሦስት ወደ ሰባ የሚወስደው መንገድ በመሣሪያ እና በሕንጻ ብቻ አይጠረግም።

በጋራ መወሰን ሲባል

በሕክምናው ዓለም "በጋራ መወሰን" የሚባል አሠራር አለ። ባለሙያው የሚያውቀውን ሕክምና፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን፣ ያሉትንም አማራጮች ያቀርባል። ታካሚዋ ደግሞ የምትፈራውን፣ የምትመርጠውን እና የኑሮዋን ሁኔታ ታቀርባለች። ሁለቱ ተነጋግረው ለእርሷ የሚበጀውን ይመርጣሉ። ባለሙያው አዛዥ፣ ታካሚዋም ታዛዥ ብቻ አይሆኑም።

ይህ አሠራር ሲነደፍ በአእምሮ የነበረው ሥዕል አንድ ሐኪም እና አንድ ታካሚ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ የሚያሳይ ነው። በወሎ ገጠር ግን በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ቢታይም በምክሩ ያሉት ብዙ ናቸው። ሴቷ በሐሳቧ ባሏን፣ አማቷን፣ በቤት የተተዉ ልጆቿን፣ ያልታለበች ላሟን ይዛ ገብታለች። ባለሙያዋ ይህን ካላየች ንግግሩ የጋራ አይሆንም።

ሀገራዊ መረጃውም ይህንኑ ያሳያል። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያመለክተው ከአሥር ባለትዳር ሴቶች ስምንቱ ገደማ ስለ ራሳቸው ሕክምና ብቻቸውን ወይም ከባላቸው ጋር ሆነው እንደሚወስኑ ተናግረዋል። ከእነዚህም የሚበዙት ከባላቸው ጋር የሚወስኑ ናቸው። በዚያው ጥናት ሴቶች ወደ ሕክምና ለመሄድ የሚገጥማቸውን እንቅፋት ሲጠየቁ ከግማሽ የሚበልጡት ገንዘብን፣ ግማሽ ያህሉ ርቀትን፣ ከአሥሩ አራቱ ገደማ ብቻቸውን መሄድ አለመፈለጋቸውን፣ ከሦስቱ አንዷ ገደማ ደግሞ ፈቃድ ማግኘትን ጠቅሰዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ ትርጉማቸው ይጎላል። ብዙዎቹ ሴቶች በውሳኔው ውስጥ አሉበት። ነገር ግን ውሳኔውን ወደ ተግባር ለመለወጥ ገንዘቡ፣ መንገዱ እና አብሮ የሚሄደው ሰው በሌሎች እጅ ነው። እሺ ያለች ሴት ሁሉ ትሄዳለች ማለት አይቻልም።

ገመና፣ ጥርጣሬ እና ስሙ የማይጠራ በሽታ

የመጀመሪያው እንቅፋት ቃል ማጣት ነው። የሚመረመረው አካል በጨዋ ንግግር ስሙ አይነሳም። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ በፍቺ እና በዘወርዋራ ትናገራለች። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ለመመካከር ይከብዳል። ከሃፍረቱ በላይ መርማሪው ወንድ ሊሆን ይችላል የሚለው ስጋት አለ። ለሙስሊሟም ለክርስቲያኗም ገመናን መጠበቅ የእምነትም የክብርም ጉዳይ ነው። ስለሆነም "ሴት ባለሙያ አለች ወይ?" የሚለው ጥያቄ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ለብዙ ሴቶች ከምርመራው ጥቅም ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ እርሱ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ጥርጣሬ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትኩረት ያደረገው ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሴቶች ላይ ነበር። ምክንያቱ ሕክምናዊ ነው፤ ለበሽታው ይበልጥ ተጋላጭ እነርሱ ናቸውና። ነገር ግን የምርመራው ስም ከኤች አይ ቪ ጋር ተያይዞ የተሰማበት አካባቢ ካለ፣ ወደዚያ ክፍል የገባች ሴት ሌላ ስም ይሰጠኛል ብላ መፍራቷ አይቀርም። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት መተላለፉ ሲታወቅ ደግሞ "ከየት አመጣሽው?" የሚል ክስ ይከተላል።

ለዚህ ክስ ሳይንሱ ግልጽ መልስ አለው። ቫይረሱ ከትዳር በፊት ወይም በትዳር መጀመሪያ ተላልፎ ለብዙ ዓመታት ያለ ምልክት ሊቆይ ይችላል። ከባልም ወደ ሚስት ይተላለፋል፤ ባል ቫይረሱን ይዞ ምንም ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ በአንዲት ሴት የማሕጸን በር ላይ ለውጥ መታየቱ ስለ ታማኝነቷ የሚናገረው ነገር የለም። ይህን ባል ከሚስቱ ውጤት በኋላ ሲሰማው ማስተባበያ ይመስለዋል፤ ከምርመራው በፊት ከሰማው ግን ዕውቀት ይሆንለታል።

ሦስተኛው እንቅፋት በሽታው ራሱ ነው። ካንሰር በብዙ ቤት የሞት ሌላ ስሙ ነው። "ከሰሙት ያስጨንቃል፣ ካልሰሙት ይሻላል" የሚል ስሜት ሰፊ ነው። ከምርመራው በኋላ "ለውጥ ታይቷል" የምትባል ሴት "ካንሰር ይዞሻል" የተባለች መስሏት ልትደነግጥ ትችላለች። የታየው ለውጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ሳይሆን ካንሰር ሊሆን የሚችል፣ ቀድሞ ከታከመ የሚጠፋ ምልክት ነው። አበው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ሲሉ የተናገሩት ለዚህ ዓይነቱ ፍርሃት ጭምር ነው።

ዝምታው በምልክቱ ጊዜም ይቀጥላል። ካንሰሩ ሲያድግ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ከወር አበባ ጊዜ ውጭ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ ወዲህ የሚታይ ደም ነው። ደም የሚፈስሳት ሴት በልማድ ከቤተ ክርስቲያን ትርቃለች። የቀረችበትን ምክንያት ሰው አይጠይቅም፤ እርሷም አትናገርም። ነውርን ለመጠበቅ የተሠራው ዝምታ በዚህ ጊዜ በሽታውን ይጠብቅለታል።

የአንድ ቀን ሕክምና እና የአንድ ወር ስምምነት

በጤና ተቋማት የሚመከረው አሠራር ምርመራውንና ሕክምናውን በአንድ ጉብኝት ማጠናቀቅ ነው። ከሩቅ የመጣች ሴት ተመለሽ ብትባል ላትመለስ ስለምትችል አሠራሩ ብልህነት አለው። በደጋው መሬት፣ ወደ ዓባይ በሚወርዱ ገደሎች እና ሸለቆዎች በተከፋፈሉ ቀበሌዎች፣ በተለይ በክረምት አንድ ጉዞ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የአንድ ቀኑ አሠራር ከመመካከር ባሕሉ ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ። "ለውጥ አለ፣ አሁኑኑ እናክምሽ?" የተባለች ሴት "ከባለቤቴ ጋር ልምከር" ብላ ልትነሳ ትችላለች። ባለሙያዋ ይህን እንደ እምቢታ ትቆጥረዋለች። ሴቷ ግን እምቢ አላለችም፤ ያደገችበትን ሥርዓት ተከተለች። ወደ ቤት ስትመለስ የምትነግረው ቃል ይጎድላታል፤ ባልም የሰማው ካንሰር የሚለውን ብቻ ይሆናል። ምክሩ ይጓተታል፤ አጨዳ ይደርሳል፤ ጾም ይገባል፤ ወራት ያልፋሉ።

ባልን የሚመለከት ሌላም ምክንያት አለ። በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ የታከመች ሴት ቁስሉ እስኪድን ለአራት ሳምንታት ያህል ከግብረ ሥጋ ግንኙነት እንድትቆጠብ ትመከራለች። በእነዚህ ሳምንታት ውኃ የሚመስል ፈሳሽ ሊኖር ይችላል። ይህን ምክር ለብቻዋ ልትፈጽመው አትችልም። ሳያውቅ የቀረ ባል መቆጠቡን እንደ መከልከል፣ ፈሳሹን እንደ ሌላ በሽታ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ባልን ከጉዳዩ ማስወጣት የሴቷን ነጻነት የሚጠብቅ ቢመስልም ሕክምናው በቤት ውስጥ እንዲሰናከል በር ይከፍታል።

መፍትሔው ምክሩን ማስቀረት አይሆንም፤ ማስቀደም ነው። "ለውጥ ቢታይ በዚያው ቀን ልታከም?" የሚለው ጥያቄ በምርመራ አልጋ ላይ መጀመሪያ የሚሰማ መሆን የለበትም። ከቀናት በፊት በቤት፣ በቡና ላይ፣ በጤና ኬላ መነሳት አለበት። ይህን የተመካከረች ሴት ወደ ጤና ተቋም ስትደርስ መልሷን ይዛ ትደርሳለች፤ ሐሳቧን የመለወጥ መብቷም ከእርሷ ጋር ነው።

"እሺ" ሁልጊዜ ስምምነት አይደለም

በጋራ መወሰንን የሚያከብደው ባሕል በቤት ብቻ ያለ አይደለም፤ በጤና ተቋሙም አለ። የተማረን ሰው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰን ሰው ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን አክብሮቱ ይሉኝታ ሲሆን ሴቷ ያልገባትን "ገብቶኛል"፣ ያልፈቀደችውን "እሺ" ትላለች። ከዚያ በቀጠሮው ቀን ትቀራለች። ባለሙያዋም "ተስማምታ ነበር እኮ" ትላለች።

ቀላል መለኪያ አለ። ባለሙያዋ "ገባሽ?" ብላ ከመጠየቅ ይልቅ "እስኪ ለባለቤትሽ እንዴት አድርገሽ ትነግሪዋለሽ?" ብትል ሴቷ የተረዳችውን በራሷ ቃል ትናገራለች። የጎደለው ይሞላል፤ የተጣመመው ይቃናል። ለቤት የሚሆነው ንግግርም እግረ መንገዱን ይለማመዳል።

ሐቀኝነትም ያስፈልጋል። በፈሳሽ የሚደረገው ምርመራ በባለሙያዋ ዓይን እና ልምድ ላይ ይመሠረታል፤ አንዳንዴ ለውጥ ሳይኖር ያለ ሊመስል፣ አንዳንዴም ያለው ሊታለፍ ይችላል። ለዚህም ነው በየጊዜው መደገም ያለበት። ለውጡ ሰፊ ከሆነ ወይም ካንሰር ከተጠረጠረ በዚያው ቀን አይታከምም፤ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል። ይህን ቀድሞ የሰማ ቤተሰብ ሪፈር ሲባል አይደናገጥም። ያልሰማው ግን "ለቀላል ምርመራ ወስደዋት ለሞት ዳረጓት" ይላል፤ ወሬውም ከቀበሌ ቀበሌ ይሻገራል።

ሕጉም በዚህ ረገድ የማያሻማ ነው። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ታካሚ ተረድቶ ፈቃዱን ሳይሰጥ ሕክምና እንዳይሰጥ ይደነግጋል። ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ፈቃድ የምትሰጠው ራሷ ናት። የባል ምክር ይጠቅማል፤ የባል ፊርማ ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ባሏን ማማከር የማትፈልግ ወይም ብታማክረው ጉዳት ይደርስብኛል ብላ የምትሰጋ ሴት ምስጢሯ ተጠብቆ የመመርመር መብት አላት። በጋራ መወሰን የሚለው ሐሳብ ይህችን ሴት የሚያስቀር ከሆነ ስሙን አጥቷል።

ቅሬ፣ ቡና እና የእምነት አባቶች

ወሎ ለዚህ ንግግር የሚሆን መድረክ አያጣም። ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ የሚያሰባስብ፣ በለቅሶም በችግርም የሚደርስ ማኅበር ነው። በቅሬ የተነገረ ነገር ክብደት አለው። ዱበርቲዎች በሴቶች ዘንድ የሚሰሙ እናቶች ናቸው። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት፣ የዱዓ ስብስቦች፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቀው የጎረቤት ቡና ሁሉ ምክር የሚመከርባቸው ናቸው።

የእምነት አባቶች ሚና በተለይ ከባድ ነው። ሕመም የፈጣሪ ፈቃድ ነው የሚለው እምነት ከመታከም ጋር አይጣላም። ጠበል የሚጠመቅ ክርስቲያን መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ሙስሊም ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳይተው የሚመክር አባት ብዙ ሕይወት ያተርፋል። "ሄዳ ትመርመር፣ እኛም እንጸልያለን" የምትል አንዲት ቃል ከብዙ ፖስተር ይልቅ ትሰማለች።

መድረኮቹ ግን አደጋም አላቸው። የቅሬው ስብሰባ በአብዛኛው የወንዶች ነው። ወንዶች ስለ ሴቶች ማሕጸን ተነጋግረው ውሳኔ አሳልፈው ቢመለሱ የጋራ ውሳኔ ሊባል አይችልም። ማን እንደተመረመረች፣ ማን እንደቀረች በስብሰባ የሚቆጠር ከሆነም ምክሩ ወደ ማስገደድ ይለወጣል። የቅሬው ተግባር ዕውቀቱን ማድረስ እና መንገዱን ማቅለል ሊሆን ይገባል። ባል እንዲሰማ፣ ለጉዞ ገንዘብ ላጠራት ሴት ብድር እንዲገኝ፣ በዕለቱ ቤትና ከብት የሚጠብቅ ሰው እንዲመደብ ማድረግ ይችላል። ውጤቱ ግን የሴቷ ምስጢር ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በቤት እና በጤና ተቋም መካከል ያሉ ድልድዮች ናቸው። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እናቶች በጤና ተቋም መውለድን፣ ሕጻናትን ማስከተብን በቤት ለቤት ንግግር ያለማመዱት እነርሱ ናቸው። ያ ልምድ ለዚህም ይሠራል። የንግግሩ ጊዜ ግን ከእርሻው ጊዜ ጋር መስማማት አለበት። በእርሻ፣ በአረም እና በአጨዳ ወቅት የሚደረግ ጥሪ ሰሚ አያገኝም። እህል ከገባ፣ መንገድ ከደረቀ በኋላ ያሉት ወራት ለምክክሩም ለምርመራውም ይመቻሉ።

ገንዘብ፣ መንገድ እና አማራጭ

ባሕልን ብቻ መውቀስ ስህተት ላይ ይጥላል። "ባሌ አይፈቅድም" የሚለው መልስ አንዳንዴ "ገንዘብ የለንም" ለማለት የሚያፍር ቤተሰብ መልስ ነው። አንዲት ሴት ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ብትላክ ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የራሷና የአስታማሚዋ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ እና ቀለብ በጎች የሚያሸጥ ወጪ ነው። የደሴው ሆስፒታል ራሱ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎና ተጎድቶ እንደነበር ይታወሳል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ "ቢገኝስ ምን እናደርጋለን?" ብሎ ቢፈራ ፍርሃቱ መሠረት አለው። መልሱም ቀድሞ የተገኘ ለውጥ በቅርብ፣ በአጭር ጊዜና በትንሽ ወጪ ሊታከም መቻሉ ነው። ሩቅ መንገድና ብዙ ወጪ የሚያስከትለው ዘግይቶ የተገኘው ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል። መድኑ በአማራ ክልል ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። አባልነቱ በቤተሰብ ደረጃ በመሆኑ የአባወራውና የእማወራዋ የጋራ ውሳኔ ነው። መታወቂያውን በየዓመቱ በጊዜው ማሳደስ በኋላ ለሚመጣው ምክር የገንዘብ ክርክሩን ያቀልላል።

የምርመራው ዓይነትም ለውሳኔው ልዩነት ያመጣል። በደቡባዊ ኢትዮጵያ በቡታጅራ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሁለት መንገዶችን አነጻጽሯል። በአንደኛው ወገን ያሉ ሴቶች ለቫይረሱ ምርመራ የሚሆነውን ናሙና ራሳቸው እንዲወስዱ፣ በሌላኛው ወገን ያሉት ደግሞ በፈሳሽ እንዲመረመሩ ተጋበዙ። ናሙናውን ራሳቸው እንዲወስዱ ከተጋበዙት ከ100 ሴቶች 84ቱ ሲሳተፉ፣ በፈሳሽ እንዲመረመሩ ከተጋበዙት ግን የመጡት 50 ያህሉ ነበሩ። ገመናዋን ለሌላ ሰው ማሳየት የከበዳት ሴት ሌላ መንገድ ስታገኝ ምርመራውን አልጠላችም። ይህም አንዳንዴ "ባሕሉ አይፈቅድም" የሚባለው ነገር "የቀረበው አማራጭ አንድ ብቻ ነው" ማለት እንደሆነ ያሳያል። ራስን በራስ ናሙና የመውሰዱ ዘዴም የራሱ ፈተና አለው። ውጤቱ በዚያው ሰዓት ላይደርስ ስለሚችል ለመመለስ የሚያስችል መንገድ እና ምስጢር ጠብቆ የሚያደርስ ሰው ይፈልጋል።

ለሴት ልጆች ደግሞ ከምርመራውም የቀደመ መከላከያ አለ። የኤች ፒ ቪ ክትባት በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። ልጇን ለማስከተብ የተነጋገረች እናት ስለ ራሷ ምርመራ ለመነጋገር ቃል አግኝታለች ማለት ነው። ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። የተከተበችውም ልጅ ዕድሜዋ ሲደርስ መመርመሯን መተው የለባትም።

ከመሄድ በፊት

"ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው የአንድ ምሽት ንግግር ነው። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 የሆነ ሴት በቀበሌዋ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምርመራው በቅርብ በየትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንደሚሰጥ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ ሴት ባለሙያ ስለመኖሯ ትጠይቅ። ከምትመርጠው ሰው ጋር፣ ባሏም ይሁን እህቷ ወይም ጎረቤቷ፣ ሦስት ነገር ትነጋገር፤ ለውጥ ቢታይ በዕለቱ ልትታከም ስለመፈለጓ፣ ሪፈር ብትባል ማን አብሯት እንደሚሄድ፣ ወጪውም ከየት እንደሚሸፈን።

ባል ደግሞ ከእርሱ የሚጠበቀውን ማወቅ አለበት። ቫይረሱ የክህደት ማስረጃ አለመሆኑን፣ ከሕክምናው በኋላ የአራት ሳምንት ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ፣ በዕለቱ ልጅና ከብት መጠበቅ የእርሱም ድርሻ መሆኑን ሊረዳ ይገባል። ባለሙያዎች የሴቷን "ልምከር" የሚል ቃል እንደ እምቢታ ሳይቆጥሩ ለምክሩ የሚሆን ዕውቀትና የመመለሻ ቀን ሊሰጧት ይገባል። ያልተለመደ ደም ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ያየች ሴት ግን የምርመራ ቀን፣ የዘመቻ ጥሪ ወይም የእርሻ መለስ መጠበቅ የለባትም፤ ዕድሜዋ ምንም ይሁን ምን ፈጥና ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት።